ሃያ ዓመት ያደረ መርዶ

ይህ ነገር ተጽፎ ሰው ፊት መቅረብ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ጦርነት የለበትም፤ ስሙ የገነነ ሰው የለበትም። አንዲት ሴት የእናቷ ሞት ሳይነገራት ከሃያ ዓመት በላይ ቆየች፤ እንዳይነገራት ካደረጉት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ነገሩ ይኸው ነው። የተደበቀ መርዶ በየቤታችን ስላለ አንባቢ «ይሄ ደግሞ ምን አዲስ ነገር አለው?» ቢለኝ አልቀየምም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ቢሆንም አርባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ፤ አስተማሪያችን ደግሞ «ስለ ሰው ከመጻፋችሁ በፊት ስለ ራሳችሁ በእውነት መጻፍ ልመዱ» ትላለች። እኔ የታዘዝኩትን የምሠራ ተማሪ ነኝ። የቤት ሥራዬን ከሁሉም ቀድሜ አስረክባለሁ፤ ልጆቼ በሚሆኑ ተማሪዎች መሐል ፊተኛው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ አስተማሪዋ ስትቀልድ ባይገባኝም እስቃለሁ። ለክፍሉ የሚሆነውን በዕብራይስጥ ጽፌ ሰጥቻለሁ። ይህን በአማርኛ የምጽፈው ከሆነው ነገር የሚበዛው በአማርኛ የሆነ ስለሆነ ነው።

ያስታወሰኝ ሽታ ነው። በፀደይ መጀመሪያ በከተማችን በረሆቮት አየሩ በሙሉ የብርቱካን አበባ ይሸታል። ድሮ ከሰፈራችን ጀርባ ከነበረው እርሻ ተነስቶ በቀጥታ በመስኮት ይገባ ነበር። ዛሬ እርሻው ፎቅ ሆኗል፤ ሽታው ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፤ ግን ይመጣል። ዘንድሮ ከፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ደብተሬን ታቅፌ ወደ ሰፈሬ ወደ ኦሺዮት የሚሄደውን አውቶቡስ በቢሉ መንገድ ፌርማታ ላይ ስጠብቅ ያ ሽታ መጣና ቀና አልኩ። ሁለት ፌስታል ይዛ አጠገቤ የቆመችው ፈንታነሽ ነበረች። ስሸሻት የኖርኩት ፈንታነሽ። በአንድ ከተማ ውስጥ ሰውን ሃያ ዓመት መሸሽ ይቻላል። ሠርግ ላይ ዳር ያለውን ጠረጴዛ መምረጥ፣ ሐዘን ቤት እሷ ስትወጣ መግባት፣ ገበያ ላይ ድንገት ብትታይ ቲማቲም የሚመርጡ መስሎ ጎንበስ ማለት ነው። የዚያን ዕለት ግን ጎንበስ የምልበት ቲማቲም አልነበረም።

የተዋወቅነው ሁለታችንም ከኢትዮጵያ መጥተን እስራኤል አዲስ አገር በሆነብን ጊዜ ነው። ያ ዘመን እንዴት ይናፍቀኛል! ችግሩ አይደለም የሚናፍቀኝ፤ የደረጃው ድምፅ ነው። ፎቃችን አራት ደርብ ነበር፤ በሩን የሚዘጋ አልነበረም፤ አንዱ ቤት ሲሳቅ ሦስተኛው ደርብ ድረስ «ምንድን ነው?» ይባል ነበር። አምስት ሸቅል ይዞ ገበያ የወጣ ሰው በሁለት እጁ ተሸክሞ ይመለስ ነበር። የስልክ ሳንቲም መሐሏ የተበሳች ነበረች፤ ልጆች በክር ሰክተው አንገታቸው ላይ ያስሯታል። ልብሳችን ከዕርዳታ ጆንያ የወጣ ነበር። ሴቶቹ በጥለት ቀሚስ ላይ ትከሻው ስፖንጅ የተሞላ የፈረንጅ ጃኬት ደርበን፣ በላዩ ነጠላ ጣል አድርገን እንወጣለን፤ ከኋላ ለሚያየን ሁላችንም ትከሻችን እንደ ጎበዝ ሰፍቶ ነበር። ከሻዓራይም ሰፈር ወዲህ ባለው ጥግ ላይ አንድ የመናዊ ሽማግሌ ፈላፍል፣ በዘይት የተጠበሰ የሽምብራ ድብልብል፣ ይሸጥ ነበር። ቋንቋ አንግባባም፤ ግን ለእያንዳንዳችን በምርቃት የሚሰጣትን አንዷን ድብልብል ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ «ይህቺ የሱ ናት» እንደማለት እያሳየ ይጨምርልናል። ባለ ሁለት ጎማውን ጋሪውን ሳስብ ዛሬም ዘይቱ ይሸተኛል።

ከሁሉም በላይ የሚናፍቀኝ ግን ካሴቱ ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ ጥቂት፣ የሚያነብ ከዚያ ያነሰ ስለነበር፣ ጎንደር ለቀሩት ዘመዶቻችን ድምፃችንን እየቀዳን ነበር የምንልከው። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቴፕ ይጠቀም ነበር። ተራው የደረሰው ቤት ልጆቹን ወደ ውጭ ያስወጣል፣ ማቀዝቀዣው እንዳይጮህ ሶኬቱን ይነቅላል፣ ከዚያ ሁሉም ጠረጴዛውን ከቦ እንደ ፍርድ ቤት ተጠንቅቆ ይቀመጣል። የአንዱ ካሴት ፊት በሰላምታ ብቻ ያልቅ ነበር። አንድ ጎረቤታችን ዘመዱን ሁሉ በስም ጠርቶ ሲጨርስ ጥሎት የመጣውን በሬም በስሙ ጠርቶ እንዴት እንደሰነበተ ጠየቀው። ስንስቅ ተቆጣ። «እናንተ በሬ የላችሁ፤ ምን ታውቃላችሁ!» አለ። ሳቃችንም ቁጣውም ተቀድቶ ሄደ።

ያን ጊዜ በሰፈራችን የሪቫሃ ቢሮ፣ ማለትም ችግር ላለበት ቤተሰብ በሚቆመው ቢሮ፣ መጋሼሬት ሆኜ እሠራ ነበር። መጋሼሬት በሠራተኛዋና በእኛ ሰው መካከል ቆማ ቃልም ልማድም የምታሻግር ሴት ናት። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ዝናሽ የሚለውን ስሜን አገሩ ስገባ «ዚቫ» ብለው ጽፈውልኝ ነበር፤ ብዕር ስይዝ እንደ ትልቅ ሰው እሆን ነበር። የማስተረጉምላት ሠራተኛ ኦርና ትባላለች። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ በክረምት ነጠላ ጫማ ታደርጋለች፤ በብስክሌት ትመጣለች። «እንደምን አደርሽ» የሚለውን ተምራ ከሰዓት በኋላም እንደምን አደርሽ ትል ነበር፤ ማንም አያርማትም፤ ስለሞከረች እንወዳታለን። እኔ ደግሞ ከመውደድም አልፌ እንድትደሰትብኝ እፈልግ ነበር። «ዚቫ፣ ያላንቺ ምን እሆን ነበር?» ስትለኝ ያን ቀን ምሳ ሳልበላ እውል ነበር፤ ጠግቤ።

ፈንታነሽ ከእኔ በላይ ባለው ደርብ ነበር የምትኖረው። ባሏ በቤኤር ያዕቆብ በኩል ግንባታ ላይ ይሠራል፤ እሷ ብርቱካን ማሸጊያ ውላ ትመጣለች። እርጉዝ ነበረች። እናቷ ወይዘሮ ብርቄ እግሯ ስለማያራምዳት ከሌላ ልጇ ጋር ጎንደር ቀርታለች፤ ተራዋ ደርሶ እስክትመጣ ይጠበቃል። ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ፈንታነሽ ማሰሮዋን ሳታነሳ አንድ ቀን አታድርም። በስድስተኛው ወር ላይ ከጎንደር የመጣ ሰው የወይዘሮ ብርቄን ሞት ይዞ መጣ። የነገረውም ለእናቷ ወንድም ለአባ በየነ ነው። አባ በየነ ቤኤር ያዕቆብ ይኖሩ ነበር፤ ከቤተሰቡ ትልቁ እሳቸው ስለሆኑ ማርዳት የእሳቸው ፈንታ ነው። እኔንም ጨምረው ስድስት ሰው ሰበሰቡ።

«እስክትወልድ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አሉ። «አራስነቷም ይለቅ። ከዚያ ጎህ ሲቀድ፣ ሁላችን ባለንበት፣ እኔው እነግራታለሁ።»

ይህን ማብራራት የሚያስፈልገው ለእኛ ሰው አይደለም፤ ልጆቻችንም ያንብቡት ብዬ ነው። በእኛ ዘንድ ሞት አይለጠፍም፣ በስልክ አይባልም፣ ለብቻዋ ለተቀመጠች ሴት አይነገርም። ሰው ከእንቅልፉ ሳይነሳ፣ እህል ሳይቀምስ፣ የሚደግፉት ክንዶች በሩ ላይ ቆመው ነው የሚረዳው። እርጉዝና አራስ ደግሞ አይረዱም። ያልተረዳ ሰው አያለቅስም፤ ልብሱን አያዘቀዝቅም፤ ሐዘን አይቀመጥም። ይህ ሁሉ ለደግ የተሠራ ነው፤ ዛሬም ደግ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወንድ ልጅ ወለደች፤ ያኒቭ አሉት። አርባ ቀኑ ሲሞላ ሕፃኑ ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ «ልጁ ይዳን» ተባለ። ልጁ ዳነ፤ በዓል ደረሰ፤ «በበዓል አይሆንም» ተባለ። በዓሉ አለፈ፤ አባ በየነ ራሳቸው ሆስፒታል ተኙ። ፈንታነሽ በዚህ መሐል ልቤን ያመኛል ማለት ጀመረች። ሐኪም ቤት ልቧን አይተው ምንም የለብሽም አሏት። እንቅልፍ አጣች፤ ከሳች። ካሴት ሲቀዳ ግን ትመጣለች። ቴፑ ላይ ጎንበስ ብላ «እናቴ፣ እግርሽን እንዴት ያደርግሻል? ቅባቱን ትቀቢ?» ስትል እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ጠረጴዛውን አያለሁ። የጠረጴዛው ላስቲክ ሰማያዊ አበባ ነበረበት። ዛሬም ልስለው እችላለሁ።

ኦርና ተጨነቀች። «ምን ሆና ነው? አንቺ ሰፈርተኛዋ ነሽ፤ የምታውቂው ነገር አለ?» አለችኝ። እንድትደሰትብኝ እፈልግ ነበር ብያለሁ። ነገርኳት።

ዓይኗ ተጎልጉሎ ሊወጣ ነበር። «ወራት ሙሉ? እናቷ ሞታ ለወራት አልነገራችኋትም? ሰው የማወቅ መብት አለው፣ ዚቫ! ረቡዕ ጠዋት በአራት ሰዓት ጥሪያት፤ እኔ እነግራታለሁ፤ አንቺ ታስተረጉሚያለሽ። ቤሰደር?»

«ቤሰደር» አልኩ፤ እሺ ማለት ነው። ሌላ ምን እላለሁ።

ረቡዕ ፈንታነሽ ሕፃኑን ታቅፋ መጣች። ቢሮው ውስጥ ነጭ መብራት ይበራል፤ ከግድግዳው ማዶ ሌላ ሰው በስልክ ይጨቃጨቃል። ዘመድ የለ፣ ሽማግሌ የለ። ቀትር ሊሆን ሁለት ሰዓት ቀርቶታል፤ ስትጨርስ ሕፃን ይዛ ለብቻዋ በእግሯ ነው ቤቷ የምትገባው። ኦርና ወንበሯን አስጠግታ እጇን ያዘቻት። በዕብራይስጥ፣ በቀስታ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ እናትሽ ጎንደር እንዳረፈች ሰማሁ፣ በጣም አዝናለሁ አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

እኔም ፈንታነሽን አየኋትና «ኦርና እናትሽ እንዴት ናት ብላ ትጠይቅሻለች» አልኳት።

ፈንታነሽ ኦርናን አየች፣ እጇን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያት» አለች።

«ታመሰግንሻለች» ብዬ አስተረጎምኩ።

ኦርና ጻፈች። ምን እንደጻፈች በኋላ አይቻለሁ፤ የእናቷን ሞት ተነግሯት ስሜት አላሳየችም፣ አላለቀሰችም፣ አመሰገነች የሚል ነው። ክፋት አልነበራትም፤ የሰማችውን ነው የጻፈችው። ከዚያ በኋላ እንግዲህ ወረቀቱ በራሱ እግር ሄደ። እናቷ ሞታባት የማታለቅስ ሴት ልጇን ትወድ ይሆን? የቤት ለቤት ነርስ መጣች፤ ሕፃኑን ስትታቀፍ እያየች ትጽፋለች። የጭንቀት ሐኪም ጋ ላኳት፤ ክኒን ታዘዘላት። ሰፈርተኛውም ወሬ አያጣም፤ «ያቺ ጭንቅላቷን የምትታየዋ» ይሏት ጀመር። እኔ አፌን ከፍቼ «እኔ ነኝ አዛብቼ ያስተረጎምኩት» ማለት እችል ነበር። ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ከዚያም በላይ ኦርና እንዳትቀየመኝ ፈራሁ። በዚያው ክረምት አባ በየነ አረፉ። በሐዘኑ ላይ ከሁሉ አብልጣ ያለቀሰችው ፈንታነሽ ነበረች፤ ሦስት ሴቶች ደግፈው አልቻሏትም። «አጎቷን እንዴት ትወዳቸው ኖሯል!» አልን።

የማርዳቱ ነገር ከአባ በየነ ጋር ተቀበረ። የረሆቮቱ ዘመድ የነታንያው ነግሯታል ብሎ አሰበ፤ የነታንያው ደግሞ አባ በየነ ሳይሞቱ ነግረዋታል ብሎ አሰበ። ከዓመት በኋላ እኔ ሥራ ቀየርኩ፣ ኋላም ወደ ኦሺዮት አዲሶቹ ፎቆች ገባሁ፣ ልጆች አሳደግኩ። ካሴቱ ቀረና ስልክ መጣ። የፎቃችንን በሮች ሰው ሁሉ መዝጋት ጀመረ።

ዘንድሮ በክፍል ውስጥ ሰውን ብቻውን አውጥቶ ማየት እንደማይበቃ፣ ከነቤተሰቡ፣ ከነሰፈሩ፣ ከነልማዱ፣ ከነሚያስተናግደው ቢሮ አብሮ ማየት እንደሚገባ ተማርን። አንድ የምናውቀውን ሰው መርጠን፣ መሐል ላይ አድርገን፣ ዙሪያውን በክብ በክብ እንድንስል ታዘዝን። ስሟን ቀይሬ ፈንታነሽን ሳልኩ። በሦስት ቀለም፣ በማስመሪያ፣ ክቦቹን በስኒ አስምሬ። እናቷን ሳልኩ፣ አባ በየነን፣ ባሏን፣ ሕፃኑን፣ ቢሮውን። ልማዳችንንም በአራት ገጽ አስረዳሁ። አስተማሪዋ ሥራሽ በጣም ንጹሕ ነው ብላ መለሰችልኝ፤ ከሥር ግን በእርሳስ አንዲት መስመር ጽፋበታለች፦ «አስተርጓሚዋ የት ናት?» ፌርማታው ላይ በቆምኩበት ሰዓት ያ ወረቀት ደብተሬ ውስጥ ነበር።

«ዝናሽ! አንቺ ነሽ? ፀጉርሽ ነጣ እኮ!» አለች ፈንታነሽ።

«ያንቺስ?»

«የኔማ በሻሽ ተሸፍኖ ማን ያየዋል። የማን ደብተር ነው? የልጅሽ?»

«የራሴ ነው። ሶትሲያሊት፣ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ፣ ልሆን እየተማርኩ ነው።»

ፌስታሎቿን መሬት አስቀምጣ ከልቧ ሳቀች። «ታዲያ እንግዲህ ለአንቺ ማን ሊያስተረጉምልሽ ነው?»

ሳቁ ውስጥ ምን እንዳለ አላወቅኩም። አውቶቡሱ መጣ፤ አልተሳፈርንም። ሄደ። «ፈንታነሽ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ፤ ድሮ መንገር የነበረብኝ…» አልኳት።

«እናቴን ነው?» አለች።

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ኧረ አትጨነቂ፤ አውቃለሁ። ያቺ ልጅ እጄን ስትይዘኝ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ሰው እናትሽ እንዴት ናት ብሎ ዓይኑ ይቀላል? ከዚያም በፊት ጠርጥሬ ነበር። በካሴቱ ሁሉም ሰላም ይለኛል፤ እናቴ ግን ‹ገበያ ሄዳለች› ይሉኛል። በሚቀጥለውም ገበያ፣ በሦስተኛውም ገበያ። እሷ እኮ እግሯ ከያዛት ከደጅ ወጥታ አታውቅም።»

«ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ? እዚያ ቴፕ ላይ ጎንበስ ብለሽ እግርሽን እንዴት ያደርግሻል እያልሽ…»

«ለእናንተ ስል ነዋ! ሁላችሁም ጠረጴዛውን ታያላችሁ። ማወቄን ብታውቁ ታፍሩ ነበር። ደግሞ ሳትነግሩኝ እንዴት ላልቅስ? ብድግ ብዬ ብጮህ እብድ አይሉኝም? ብለውኛልም። ያን ክኒን አልዋጥኩትም፤ ጤና አዳሙ ሥር ነው የቀበርኩት። ጤና አዳሙ ደረቀ።» እንደገና ሳቀች፤ ቶሎም ተወችው። «በአባ በየነ ሐዘን አለቀስኩላት። ግን የሰው ሐዘን ነው፤ ስሟን ጠርቼ አላለቀስኩም። ከዚያ በኋላ ትመጣላችሁ ብዬ ጠበቅኩ። ሊነጋጋ ሲል ደረጃው ላይ ኮቴ ስሰማ ነጠላዬን ይዤ በር ላይ እቆማለሁ። ጋዜጣ አዳዩ ነው። ከጦር ሠፈር የመጣ ወታደር ነው። ስንት ጊዜ መሰለሽ የቆምኩት።»

ሁለተኛው አውቶቡስም ሄደ። እኔ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። ከዚያ እንደ ልጅ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። «አሁንም ይቻላል እንዴ? መንገር?»

የመጀመሪያው ተቃዋሚ ያኒቭ ሆነ። ያ ሕፃን ዛሬ ከሠራዊት ወጥቶ መብራት ዘርጊ ነው፤ የሃይማኖት ትምህርት ቤት አዳሪ ስለነበር የአይሁድን ሕግ ያውቃል። ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ስነግረው አማርኛውን ከዕብራይስጥ እየቀላቀለ ተከራከረ። «እማ፣ ሕጉ ግልጽ ነው። ሞቱ የተሰማው ከሠላሳ ቀን በኋላ ከሆነ የሚቀመጡት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ያላ፣ በይ፣ አንድ ሰዓት ተቀመጪና ይለቅ።»

«አንድ ሰዓት? ለእናቴ? በጠዋቱ የመኪና ግርግር አንድ ሰው ከቤኤር ያዕቆብ እዚህ እንኳ በአንድ ሰዓት አይደርስም!»

«ደግሞ ታውቂው ነበር!»

«ማወቅና መነገር አንድ ነው?»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። «ሕፃኑ ታሞ ነው የቆየው አልሽ። ሕፃኑ እኔ ነኝ። በኔ ምክንያት ነው ያልተነገራት?» ብሎ ፊቱ ተለወጠ። እናቱ ቀደመችኝ። «አንተ ምን አደረግክ፤ ጡት ነው የጠባህ» አለችው። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም።

ወደ አንድ ሽማግሌ የቤተ እስራኤል ቄስ ሄድን፤ ከወይዘሮ ብርቄ መንደር ናቸው። ነገሩን ጨርሰን እስክንነግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ያኒቭ አንድ ሰዓቱን አነሳ። «ልጁ እውነቱን ነው» አሉ። «አንድ ሰዓት ሕጉ ነው፤ እንፈጽማለን። ሰዓቱ ሲያልቅ ደግሞ ሰው ሊጠይቃት ይመጣል፤ ሰው ሲመጣ አትነሳም፤ ይህንን የሚከለክል ሕግ አላየሁም። ሰባት ቀን ሰው ይምጣ። ፋሲካ ግን ይለፍ፤ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰኞ ይሁን።» እኔ በተማሪ ልማዴ የሚያስፈልገውን በደብተሬ እየጻፍኩ፣ «አባ፣ ቃሉን እርስዎ ነዎት የሚናገሩት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ዓይናቸውን ከፈቱ። «ያስቀረሽባት አንቺ ነሽ፤ ንገሪያት» አሉኝ።

ሰኞ ገና ሳይነጋ ከፎቋ ሥር መኪና ማቆሚያው ላይ ዘጠኝ ሰው ሆነን ተሰበሰብን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከነታንያ የመጡት የአክስቷ ልጆች ተኝተው አላደሩም፤ አንዷ «ያወቀች ሴት ናት፤ ምን እንደዚህ ያስፈራኛል?» አለች። ደረጃውን ወጣን። በሩን ሳናንኳኳ ከፈተችው። ለብሳ፣ ታጥባ፣ ነጠላዋን በእጇ ይዛ ቆማ ነበር። ሁሉም እኔን ጠበቀ።

ዕድሜዬን የሰው ቃል ሳሻግር ኖሬያለሁ። ያን ጠዋት ግን የማሻግርለት ሰው አልነበረም። ያጠናሁት ነበር፤ በክፍል «ሐዘን ላለበት ሰው አጭርና ግልጽ ተናገሩ» ብለውናል። ከአፌ የወጣው ያጠናሁት አይደለም። «ፈንታነሽ፣ እቴ፣ ይቅር በይኝ። እናትሽ ወይዘሮ ብርቄ የለችም። ሞታለች» አልኳት።

ሃያ ሁለት ዓመት ያወቀችው ነገር ነው። ያልሰማችው ይመስል ደረቷን መታች። «እናቴን!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ከእኔ ጆሮ እስካሁን አልወጣም። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ያዟት፤ ቄሱ በግዕዝ ጸሎት ጀመሩ፤ ያኒቭ ከመኝታ ቤት ወጥቶ በሩ ላይ ቀረ። እናቱ ስትጮኽ ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ነው። ከዚያ መጥቶ ከኋላዋ መሬት ላይ ተቀመጠና ጀርባዋን ደገፈ።

ሰባት ቀን ሰው መጣ። ወይዘሮ ብርቄን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ከማን እንደሰሙ አላውቅም፤ ከአሽዶድም ከነታንያም መጡ። አንዷ ማሰሮዋ ውኃ ሲሞላ እንደ ደወል ይሰማ ነበር አለች። ሌላው በልጅነቱ ሸክላ ሰብሮባት እንዳላባረረችው፣ ጭቃውን እንደገና ሰጥታ «ሥራው እንግዲህ» እንዳለችው ተናገረ። ፈንታነሽ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱን ትሰማለች፤ ትጨምርበታለች፤ ታለቅሳለች። የተላቀሰ ቤት መልሶ ይስቃል፤ የድሮውን ፎቃችንን ያህል በሩ ተከፍቶ ዋለ። እኔ በዚያ ሳምንት ክፍል አልገባሁም። ስቀር የመጀመሪያዬ ነው። ለአስተማሪዋ ምክንያቱን በአንድ ገጽ ጻፍኩላት። ኦርናንም ላገኛት ብዬ ጠያይቄ ነበር፤ ከዓመታት በፊት ወደ ሰሜን ሄዳለች አሉኝ። ያን ወረቀት ማን እንዳስቀመጠው የሚያውቅ አላገኘሁም። ባገኘው ምን እንደምጽፍበት አውቃለሁ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ቄሱ «ልጄ፣ ተነሺ» አሏት። ተነሳች። ፊቷን ታጠበች፤ ያኒቭ ጫማዋን አቀረበላት፤ በሐዘን ማብቂያው ወግ መሠረት ፎቁን በእግር ልንዞር ወረድን። ከታች ከምትኖረው ሩሲያዊት አሮጊት ጋር በር ላይ ተገናኘን። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲመላለስ አይታለች። በተሰባበረ ዕብራይስጥ ማን ሞተባችሁ ብላ ጠየቀች። ልመልስላት አፌን ስከፍት ፈንታነሽ ክንዴን ያዝ አደረገችኝና ራሷ በዕብራይስጥ መለሰች።

«እናቴ» አለች።

«ውይ፣ መቼ?»

ፈንታነሽ ወደ እኔም ወደ ልጇም አላየችም። «ባለፈው ሰኞ» አለች።

ይህ የሆነው እሑድ፣ አፕሪል 19 ቀን 2015 ነው።